መሪውን የሚለቅ ወላጅ

በ2009 ሜይ ወር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሎውስቶፍት በተባለችው የእንግሊዝ ምሥራቃዊ የወደብ ከተማ አንዲት ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ገብታ ቆመች። ጀልባዋ ከኔዘርላንድስ ተነሥታ የሰሜን ባሕርን አቋርጣ የመጣች ሲሆን፣ ላውራ ዴከር ከምትባል የ13 ዓመት ልጅ በስተቀር የተሳፈረባት ሰው አልነበረም። የአካባቢው ባለሥልጣናት ነገሩ አስደነገጣቸው። አባቷ መጥተው ልጃቸውን አጅበው እንዲመልሱ ጠየቁ፤ አባትየው እምቢ ሲሉም ልጅቷን ወደ ሕፃናት ማቆያ ወሰዷት። በመጨረሻ አባትየው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ፣ ከባለሥልጣናቱም ልጃቸውን ተረከቡ። ጀልባዋ ላይ ግን አልተሳፈሩም። ላውራ ብቻዋን እንደመጣች ብቻዋን ተመለሰች።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል። አንዱ “ምን ዓይነት ጨካኝ አባት ነው?” ይላል። ሌላው ደግሞ “ልጁን የሚያውቅ አባት ነው” ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ችኩል ፍርዶች ናቸው፤ ሁለቱም ያንን አንድ ቀን ብቻ ያያሉና። አንድ ወላጅ የባሕር ፍቅሩን ለልጁ ማውረሱ የሚለካው ልጁን ብቻውን በለቀቀበት ቀን ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት ባሉት ዓመታት ምን እንዳስተማረ፣ ቀኑ ሲደርስስ እጁን ከመሪው ላይ ማንሣት መቻሉ አብሮ መታየት አለበት። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው። ሳያስተምር የሚለቅ ወላጅ ልጁን ለአደጋ ያጋልጣል፤ አስተምሮ የማይለቅ ወላጅ ደግሞ የሚያፈራው ታዛዥ ተሳፋሪ ነው። ፍቅሩ ከልብ የሚወረሰው በደንብ ያስተማረ ወላጅ ራሱን በገዛ ፈቃዱ ከጀልባዋ ሲያስወጣ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያዋ ማስረጃ ከጥቂት ጣውላ የተሠራች ጀልባ ናት። በ1947 በፍሎሪዳ ክሊርዎተር ከተማ ክሊፎርድ ማኬይ የተባሉ ሰው ዋጋዋ ከ50 ዶላር የማይበልጥ የልጆች ጀልባ እንድትሠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ ጀልባ ሠሪው ክላርክ ሚልስም ነደፏት። ኦፕቲሚስት ትባላለች። ርዝመቷ 2.3 ሜትር ሲሆን የባዶ ገላዋ ክብደት 35 ኪሎ ግራም ነው። ፊቷ እንደሌሎች ጀልባዎች ሾጣጣ ሳይሆን እንደ ሣጥን ደልደል ያለ ነው፤ የተነደፈችው በገበያ ከሚገኝ የኮምፔርሳቶ ጣውላ በቀላሉ እንድትቆረጥ ታስቦ ነበርና። አንድ ሸራ፣ አንድ አጭር ደቀል፣ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት በመካከሏ ወደ ውኃው የሚሰካ ሳንቃ፣ ከኋላ ደግሞ ባለ እጀታ መሪ አላት። የገባውን ውኃ መቅጃ ጣሳም በገመድ ታስሮ ወለሏ ላይ ይቀመጣል። ልጆች እስከ 15 ዓመታቸው ይወዳደሩባታል፤ በኦሊምፒክ ለሜዳልያ ከበቁት የሸራ ጀልባ ስፖርተኞች ብዙዎቹ ሀ ሁ የቆጠሩት በእሷ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ቁም ነገር ግን መጠኗ ነው። ኦፕቲሚስት የምትነዳው በአንድ ልጅ ነው፤ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይሄዱባትም። አባት ወይም እናት ሸራውን አብረው ይሰቅላሉ፣ ገመዱን ይፈትሻሉ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ቁልፍ ይቆልፋሉ። ከዚያ በኋላ ድርሻቸው ዳር ቆሞ ማየት ነው። ስለ አስተዳደግ መጻሕፍት በብዙ ገጽ የሚመክሩትን ነገር ይህች ጀልባ በስፋቷ ብቻ ታስገድዳለች።

ብቻውን የተቀመጠው ልጅ ምን ይማራል? በመጀመሪያ፣ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ባለ ሸራ ጀልባ እንደሌለ ይማራል። ፊቱን ወደ ነፋሱ ካዞረ ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባዋም ትቆማለች። ወደዚያ ለመድረስ በግምት 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎም ያንኑ ያህል ወደ ግራ እያለ በመጠማዘዝ መውጣት አለበት። የመሪውን እጀታ ወደ ቀኝ ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ግራ እንደምትዞርም እጁ እስኪለምደው ድረስ ግራ ያጋባዋል። የሸራውን ገመድ ከመጠን በላይ ከሳበ ታጋድላለች፤ ከመጠን በላይ ከለቀቀ ኃይል ታጣለች። ከዚህ ሁሉ አንዱም በምክር ብዛት አይገባም። ደግሞስ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምክር የሚሰለችበት ዕድሜ ላይ ነው። አባቱ “ገመዱን ላላ አድርግ” ሲሉት የሚሰማው የተለመደው ቁጣ ነው፤ ነፋሱ ጀልባዋን ሲያጋድልበት ግን ከነፋስ ጋር አይከራከርም። ስሕተቱን የሚያርመው ውኃው ስለሆነ ከወላጁ ጋር መጣላት አያስፈልገውም። ሲሳካለትም ድሉ የራሱ ነው። አንድን ነገር የሚያስወድደውም ይህ የራስ የሆነ ድል ይመስለኛል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከፈረንሳይ ነው። ፔን ዱዊክ የተባለችው ጀልባ በ1898 የተሠራች ናት፤ የኤሪክ ታባርሊ አባት በ1938 ሲገዟት ኤሪክ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ባሕርን የተማረው በእሷ ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተትታ ከረመች፤ ከጦርነቱ በኋላ እንጨቷ በስብሶ ተገኘ፣ አባትየው ደግሞ ለጥገናዋ የሚሆን ገንዘብ አልነበራቸውም። እናም ጀልባዋን ለልጃቸው ሰጡት። ስጦታው የበሰበሰ እንጨትና ብዙ ሥራ ነበር። ኤሪክ በባሕር ኃይል እያገለገለ ገንዘብ አጠራቀመ፣ ከዚያም የአሮጌውን ገላ እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቅሞ በላዩ ላይ አዲስ የፖሊስተር ገላ ሠራ። በወቅቱ እንዲህ ያለ ሥራ የደፈረ ጥቂት ሰው ነበር። በ1964 በሌላ ጀልባ፣ በፔን ዱዊክ 2፣ ብቻውን አትላንቲክን የማቋረጥ ውድድር አሸንፎ የአገሩ ጀግና ሆነ። በ1998 ሕይወቱ ያለፈውም በዌልስ ጠረፍ አቅራቢያ ከዚያችው ከአባቱ ከወረሳት ጀልባ ላይ ወድቆ ነው። ታባርሊ የተረከበው ጀልባ አዲስና ያማረ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ባለጀልባ ይሆን ነበር። በእጁ መልሶ እንዲሠራት መገደዱ ግን ባሕረኛ አደረገው።

ሦስተኛው ማስረጃ የርቀት ጉዳይ ነው። በ2006 መጨረሻ ማይክል ፐርሃም የተባለ የ14 ዓመት እንግሊዛዊ ብቻውን አትላንቲክን ለማቋረጥ ከጅብራልታር ተነሣ። አባቱም ተነሡ፤ የሄዱት ግን በሌላ ጀልባ ነው። ልጁ በራሱ ጀልባ ሸራውን ይጠቀልላል፣ ምግቡን ያበስላል፣ ሌሊት እየተነሣ መንገዱን ይፈትሻል፤ አባትየው በሬዲዮ ድምፁን እየሰሙ በቅርብ ርቀት ይጓዛሉ። በ2007 ጃንዋሪ መጀመሪያ ልጁ አንቲጓ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ በ17 ዓመቱ ባጠናቀቀው የብቻ የዓለም ዙር ጉዞ ግን ከኋላው የሚከተለው ጀልባ አልነበረም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። በመጀመሪያ አንድ ጀልባ ላይ አብሮ፣ ቀጥሎ በሁለት ጀልባ ጎን ለጎን፣ በመጨረሻ ልጁ ባሕር ላይ አባት ቤት። በእያንዳንዱ ደረጃ የልጁ ኃላፊነት ሲጨምር የአባትየው እጅ እየራቀ ሄዷል።

አሁን ወደ ላውራ ዴከር እንመለስ፤ ክርክሩ በፍርድ ቤት ጭምር የተፈተነው በእሷ ነውና። ላውራ የተወለደችው በ1995 ሲሆን፣ ወላጆቿ በጀልባ ዓለምን ሲዞሩ ኒው ዚላንድ ወደብ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን የልጅነት ዓመታት ያሳለፈችው ባሕር ላይ ነበር። ወላጆቿ ሲለያዩ ከአባቷ ጋር ኖረች፤ 6 ዓመት ሲሞላት የራሷን ኦፕቲሚስት አገኘች። በ13 ዓመቷ ብቻዋን ዓለምን ልዞር ነው ስትል ግን የኔዘርላንድስ መንግሥት ጣልቃ ገባ። በ2009 ኦገስት የዩትሬክት ፍርድ ቤት በሕፃናት ጥበቃ ክትትል ሥር እንድትሆን ወሰነ። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ተራ አልነበረም። በጉርምስና ላይ ያለች ልጅ ለወራት ከሰው ተለይታ ስትኖር እድገቷ ምን ይሆናል? ትምህርቷስ? እንቅልፍ አጥታ ስትታመም ማን ይደርስላታል? እናቷም ስጋታቸውን በግልጽ ተናግረው ነበር። እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀ መንግሥት የባሕር ጠላት ተብሎ ሊወቀስ አይገባም፤ ልጅ የወላጅ የግል ንብረት አይደለችምና።

ይሁን እንጂ በቀጣዮቹ ወራት የሆነው ነገር ትምህርት ሰጪ ነው። ልጅቷ 11 ሜትር ተኩል ገደማ የሆነች፣ ከፊተኛዋ የምትበልጥና የምትጠነክር ባለ ሁለት ደቀል ጀልባ አገኘች፤ ከአባቷ ጋር ሆነውም አደሷት። የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ተማረች፤ እሳት ማጥፋትና እንቅልፍን እየከፋፈሉ መተኛት ተለማመደች። በ2010 ጁላይ ፍርድ ቤት ክትትሉን አነሣና ውሳኔውን ወደ ወላጆቿ መለሰ። ከዚያም አባትና ልጅ ከኔዘርላንድስ እስከ ፖርቱጋል አብረው ተጓዙ፤ ጀልባዋ በእውነተኛ ባሕር ላይ ስትፈተን አባትየው እያዩ ነበር። ፈተናው ሲያልቅ ወረዱ። በ2010 ኦገስት ከጅብራልታር የተነሣችው ላውራ ፓናማን፣ ሰላማዊ ውቅያኖስን፣ የአውስትራሊያዋን ዳርዊንንና ደቡብ አፍሪካን አልፋ በ2012 ጃንዋሪ 21 ካሪቢያን ውስጥ በምትገኘው ሴንት ማርተን ጉዞዋን ፈጸመች። ዕድሜዋ 16 ዓመት ከ4 ወር ነበር። ኋላም ወጣቶችን ባሕር ላይ ይዞ የሚያሠለጥን ድርጅት መሠረተች። እንደእኔ ግምት ፍርድ ቤቱም አባትየውም ትክክል ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ዝግጅቱ እንዲሟላ ጊዜ አስገኘ፤ አባትየው ደግሞ ዝግጅቱ ከተሟላ በኋላ ሌላ ሰበብ አልፈለጉም።

ይህን የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራው መከራከሪያቸው አደጋ ነው። ልክ ናቸው፤ ባሕር ልጅ አዋቂ አይልም። በ2009 ሴፕቴምበር የ16 ዓመቷ አውስትራሊያዊት ጄሲካ ዋትሰን ለዓለም ዙር ጉዞዋ በመለማመድ ላይ ሳለች ከአንድ ግዙፍ የጭነት መርከብ ጋር ተጋጭታ ደቀሏ ተሰበረ። በ2010 ጁን ደግሞ አሜሪካዊቷ አቢ ሰንደርላንድ፣ እሷም በ16 ዓመቷ፣ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ደቀሏን አጥታ የፈረንሳይ ዓሣ አስጋሪ መርከብ አዳናት። ወላጆቿም ከባድ ወቀሳ ወረደባቸው። ነገር ግን ሁለቱን አደጋዎች ቀረብ ብሎ ላያቸው ትምህርታቸው አንድ አይደለም። ዋትሰን ከግጭቱ በኋላ ጀልባዋን ራሷ ወደ ወደብ አስገባች፣ ተጠገነችላት፣ በቀጣዩ ወር ተነሥታ በ2010 ሜይ 17ኛ ልደቷ ሦስት ቀን ሲቀረው ሲድኒ ተመለሰች። በሰንደርላንድ ጉዞ ብዙዎች የተቹት ግን ወቅቱን ነው፤ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ክረምት ሲገባ በዚያ ባሕር መገኘቷ ተገቢ አልነበረም አሉ። ክረምቱ የሚመጣበትን ጊዜ ሁሉም ያውቃል፤ ልጅቷ ግን ክረምቱን አሳልፋ ብትሄድ ዕድሜዋ ይጨምራል፣ “በዕድሜ ትንሿ” የሚለው ማዕረግም ያመልጣታል። የባሕር ፍጥነት ክብረ ወሰን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት በዕድሜ ማነስ የሚሰጥ ማዕረግን አይቀበልም፤ ይህም እንዲህ ያለውን ጥድፊያ ስለማያበረታታ የተመሰገነ አቋም ነው። ከአደጋው የምንማረው ልጅን ከባሕር ማራቅን ሳይሆን የልጅን ዝግጁነት በቀን መቁጠሪያ አለመለካትን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ረቀቅ ይላል። “ይህ ሁሉ የወላጅ ምኞት ነው፤ ልጁ የሚኖረው አባቱ ያልኖሩትን ሕይወት ነው” ይላል። ለዚህም ምሳሌ አለ። ሮቢን ሊ ግራሃም የተባለው አሜሪካዊ በ13 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ደቡብ ባሕሮችን በጀልባ ዞሮ፣ በ1965 በ16 ዓመቱ ዓለምን ብቻውን ለመዞር ተነሣ። ጉዞው እስከ 1970 ፈጀ። ሲመለስ ግን ኑሮውን የመሠረተው ከባሕር ርቆ በሞንታና ተራሮች ነው። ታኒያ ኤቢም አለች። አባቷ፣ ኒው ዮርክ የሚኖሩ የስዊዝ ተወላጅ ሠዓሊ፣ በብስክሌት መልእክት ታደርስ ለነበረችው የ18 ዓመት ልጃቸው ምርጫ ሰጧት፤ ወይ ኮሌጅ፣ ወይ ዓለምን ብቻዋን የምትዞርበት ጀልባ። በ1985 ተነሥታ በ1987 ተመለሰች። እዚህ ላይ የአባት ግፊት እንዳለ ማንም አይክድም። ሆኖም ግፊት የተደረገባት ኤቢ ኋላ የገዛ ወንዶች ልጆቿን ይዛ ወደ ባሕር ተመለሰች። ልዩነቱ የሚገኘው፣ እንደማየው፣ አባት በመግፋታቸው ወይም ባለመግፋታቸው አይደለም። ባሕሩ ላይ ከወጣች በኋላ ውሳኔው ሁሉ የራሷ ነበር፤ የት እንደምትቆም፣ መቼ እንደምትነሣ፣ ከማን ጋር እንደምትወዳጅ። የግራሃም ወደ ተራራ መሄድም ለእኔ ሽንፈት አይደለም። ልጅ የተሰጠውን መሪ ይዞ ወደ የብስ ሊያዞረውም ይችላል፤ ያን መብት የማይጨምር ስጦታ ስጦታ አይባልም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከእኛው አገር አንባቢ የሚመጣ ነው። “ጀልባ የሀብታም አገር መዝናኛ ነው፤ ከ1993 ጀምሮ የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ምን ያገባታል?” ይባላል። ሀብትን በተመለከተ መልሱ ከላይ አልፏል፤ ኦፕቲሚስት የተነደፈችው ለርካሽነት ነው፣ ታባርሊም የጀመረው ከበሰበሰ እንጨት ነው። እርግጥ ዛሬ የውድድር ጀልባ ውድ ነው፤ የዓለም ዙር ጉዞ ደግሞ ብዙ ገንዘብና ደጋፊ ይጠይቃል። ውኃን ከአባት መማር ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጣና ላይ ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ እየተጠፈረ ይታሰራል፣ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ደግሞ ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። ሸራ የለውም፤ የሚሄደው በረጅም ዘንግና በሰው ጉልበት ነው። በዚህ ሥራ የታወቁት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ጥበቡን ያቆዩት በመጽሐፍ ሳይሆን ልጅ ከአባቱ እጅ እያየ፣ ኋላም ዘንጉን ራሱ እየያዘ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ባሕረኞች በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ስለዚህ የባሕር በር ማጣት የባሕር ፍቅርን ከማውረስ አልከለከለንም።

ከዚህ ሁሉ ለወላጅ የሚተርፍ መመዘኛ አለ። ልጅዎን የሚያስተምሩት ጀልባም ይሁን ግብርና፣ ሽመናም ይሁን ሹፌርነት፣ ሁለት ጥያቄዎችን አብረው ይመልሱ። የመጀመሪያው፣ “እኔ በሌለሁበት ቢቸገር ምን ማድረግ እንዳለበት በተግባር አሳይቼዋለሁ?” የሚል ነው። መልሱ “አላሳየሁም” ከሆነ ልጁ ምንም ያህል ቢለምንዎት አይልቀቁት፤ ጎረቤትም፣ ፍርድ ቤትም ቢቆጣዎት እውነት አለው። ሁለተኛው፣ “ካሳየሁት በኋላ አሁንም መሪውን የያዝኩት ለእሱ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ?” የሚል ነው። ለራስዎ ከሆነ ይልቀቁ። ልጁ በመረጠው አቅጣጫ ይሂድ፤ የወደዱትን ነገር እንዲወድልዎ ከፈለጉ ሌላ መንገድ የለም።